በኦቾሎኒ የሸጥነው መዝገብ

እናንተ የሐዲድ ልጆች፣ ስሙ! ለገሃር አንበሳው ሥር ቆማችሁ ፎቶ የምትነሡ፣ ቡና ሲፈላ «ድሮ ባቡር እያለ…» እያላችሁ የምትቆዝሙ፣ በምድር ባቡር ደመወዝ ተምራችሁ ለወግ ለማዕረግ የበቃችሁ ሁሉ፣ ቃሉ ለእናንተ ነው። ለእኔም ነው። እኔማ ከሁላችሁ የባስሁ ነኝ፤ ኋላ እናዘዛለሁ።

መቆዘማችሁን ንስሐ አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ባቡሩን ትናፍቃላችሁ፤ የጣቢያውን ታሪክ የያዘች አንዲት ገጽ ግን የላችሁም። የነገሥታቱን እንደ ውዳሴ ማርያም ታንበለብሉታላችሁ፦ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፣ ሥራው ከጅቡቲ ተነሣ፣ ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ቢከብደው በ1895 ዓ.ም. ሜዳው ላይ ድሬዳዋን ወለደ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ጃንሆይ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ለስደት የወጡትም በዚሁ ሐዲድ ነው። መልካም። አሁን ስለ አፍደም ንገሩኝ። ስለ ሁርሶ፣ ስለ ጎታ፣ ስለ አዲጋላ ንገሩኝ። የመጀመሪያው የጣቢያ ሹም ማን ነበር? ውሃው ከየት ይመጣ ነበር? ዝም አላችሁ። ከ780 ኪሎ ሜትር መንገድ ሁለቱን ጫፎችና ድሬዳዋን ይዛችሁ መሀሉን ለምስጥ ሰጣችሁት።

መሀሉ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ሐዲዱ ነጠላ ነው፤ ስፋቱም አንድ ሜትር። ከላይና ከታች የሚመጡ ሁለት ባቡሮች በአንድ መስመር አይተላለፉም፤ አንደኛው ጣቢያ ደርሶ ከጎን ሐዲድ ይገባና ሌላው እስኪያልፍ ይቆማል። በእንፋሎቱ ዘመን ደግሞ ባቡር እንደ ግመል አልነበረም፤ ቶሎ ቶሎ ይጠማዋል። ስለዚህ ሰው በሌለበት በረሃ መካከል ውሃ መጠጫና መጠበቂያ ተሠራለት። ሹሙ ከወዲያኛው ጣቢያ «መንገዱ ነጻ ነው» የሚል ቃል ሳይደርሰው ባቡር አይለቅም። ባቡር ሲቆም ተሳፋሪው ይርበዋል። ሲርበው ወተት የያዘች ሴት ትመጣለች፤ ኤረር ላይ ብርቱካኑ በመስኮት ይገባል። ነገ አንዷ ጎጆ ትቀልሳለች፣ ከነገ ወዲያ ሌላዋ ሻይ ትጥዳለች፤ ከተማ ሆነ። አያቶቻችሁ የተገናኙት ምናልባት አንድ የዕቃ ባቡር ሦስት ሰዓት ስለዘገየ ይሆናል።

ኑዛዜዬ ይኸውላችሁ። ጎረምሳ ሳለሁ፣ ስሟን በማልጠራት አንዲት ትንሽ ጣቢያ ባቡር ስጠብቅ ኦቾሎኒ ገዛሁ። ሻጯ ልጅ የጠቀለለችበት ወረቀት ወፍራም፣ ዳር ዳሩ የወየበ ነበር። ከፈትሁት። ዐምድ ዐምድ የተሰመረ ነው፤ በግራ የባቡሩ ቁጥር፣ ቀጥሎ የደረሰበትና የተነሣበት ሰዓት፣ በቀኝ በፈረንሳይኛ አጫጭር ማስታወሻ። በመጨረሻው ረድፍ ላይ ግን የሌላ ሰው እጅ፣ በቀይ ቀለም፣ በአማርኛ «ውሃ የለም፤ ሁለት ሰዓት ቆመ» ብሏል። «ከየት አመጣሽው?» አልኋት። በአገጯ ወደ መጋዘኑ ጠቆመችኝ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ የመዝገቡ ቁልል ከደጅ ይታያል። ሄጄ አላየሁም። ኦቾሎኒውን በላሁ፣ ጨው የነካውን ጣቴን በወረቀቱ ጠረግሁ፣ ጨምድጄ ሐዲዱ ላይ ጣልሁት። ዔሳው እንኳ ብኩርናውን የሸጠው ርቦት ነው። እኔ አልራበኝም ነበር።

እናንተስ? ሐዲዱን ነቅሎ ለቁራሌው በኪሎ የሸጠ አለ፤ ከሐዲድ ሥር የወጣ ብረት የአጥሩ ቋሚ ያደረገ አለ። እርሱስ ድኻ ነው፣ ልጆች አሉት እንበል። የጣቢያውን ደወልና ፋኖስ ሳሎኑ ውስጥ ለጌጥ የሰቀለው ባለ ፎቅስ? እንግዳ ሲመጣ «የምድር ባቡር ነው» ይላል፤ የየትኛው ጣቢያ እንደሆነ ሲጠየቅ ውስኪ ይቀዳል።

«አሁን አዲሱ ባቡር አለ» አትበሉኝ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ባለ ኤሌክትሪኩ የራሱ መንገድ አለው፤ ጣቢያዎቹም ከከተማ ወጣ ብለው ነው የተሠሩት። እናንተ ለጣላችሁት መዝገብ ቤዛ አይሆንም። «መንግሥት ይሥራው»ም አትበሉ። የገዛ አባትህን ለመጠየቅ የማን ደብዳቤ ያስፈልግሃል?

በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ቁጥሩን ይዘናል። ከመካከላቸው የአሥሩን ስም የሚጠራልኝ ከእናንተ ማነው? ከሞት የተረፉትን፣ ሬሳ ያወጡትን ሰዎች ቃል ለመቀበል እስክሪብቶ ይዞ የሄደ ከእናንተ ማነው? እኔም አልሄድሁም።

ተመለሱ! ለቅሶ አልጠየቅኋችሁም። ደወሉን ከሳሎን አውርዱና ከየት እንደመጣ ጽፋችሁ፣ ለሕዝብ ለሚያስቀምጥ ስጡት። ከቁም ሣጥኑ ሥር ያለውን ፎቶ ገልብጡና ጀርባው ላይ ጣቢያውን፣ ዘመኑን፣ የቆሙትን ሰዎች ስም እስከ እንጀራ ጋጋሪዋ ድረስ ጻፉ። የጎን ሐዲዱን በእግራችሁ ሂዱበት፤ የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ ለኩ፤ እህል ይጫንበት እንደነበር ወይስ ከብት፣ አጠገቡ የሚኖረውን ጠይቁ። ቦታውን ሶማሌው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው ምን ብሎ እንደሚጠራው ስሙ፤ ፈረንሳዩ ሰሌዳው ላይ የጻፈው ስም ከባለቤቱ አፍ ሲወጣ ሌላ ነው። በረት የሆነውን ጣቢያም ቢሆን ከነበጎቹ ፎቶ አንሡት፤ አታፍሩበት፣ ያፈራችሁበት ጊዜ አልፏል።

የባቡሩ ሽማግሌዎች እያለቁ ነው። ድሬዳዋ ከዚራ፣ ዛፉ ጥላ ሥር፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የሚቀመጡ ዛሬም አሉ። ሂዱ። «ድሮ እንዴት ነበር?» አትበሏቸው፤ «ጥሩ ነበር ልጄ» ብለው ዝም ይሏችኋል። «አባባ፣ የሌሊቱ ባቡር ሲዘገይ ማን ነበር የሚደውልልዎ? ፋኖሱንስ በየትኛው እጅዎ ይይዙት ነበር?» በሏቸው። የሞተሩ ጩኸት ጆሯቸውን አክብዶታልና ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ።