ካርታ ይፈለጋል ወይ ብሎ ስለ መጠየቅ

የከተማ ትራንስፖርት ካርታ ከመሠራቱ በፊት ሕዝቡ ይፈልገው እንደሆነ ይጠና ይባላል። ገንዘብ የሚመድብ ሁሉ ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ጥያቄው ለማን፣ የት ቦታና በምን ቃል እንደሚቀርብ ካልተመረመረ ግን የሚገኘው መልስ ከሕዝቡ ፍላጎት ይልቅ ጠያቂው የቆመበትን ቦታ ይነግረናል። ይህን ከኩታበር ተነሥቶ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ በሚሄድ መንገደኛ ጉዳይ ልመርምረው።

ኩታበር ከደሴ ወደ ተንታ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የወረዳ ከተማ ናት። ከዚያ የተነሣ ሰው በቦሩ ሜዳ በኩል ደሴ ይገባል። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር በጠባብ ቦታ ላይ ተዘርግታ፣ ርዝመቷ ከወርዷ እጅግ የሚበልጥ ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ ደቡብ ምሥራቅ በሐረጎ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተወርዶ ኮምቦልቻ ይደረሳል። አንዷ በ2,500 ሜትር ገደማ፣ ሌላይቱ በ1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቢሆኑም ኑሯቸው አንድ ነው። ከባድ ሕመም ያለበት ደሴ ሆስፒታል ይላካል፤ ፋብሪካው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩና አውሮፕላን ማረፊያው ኮምቦልቻ ናቸው፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው። በአንድ ቀን ከሚኒባስ ወደ ታክሲ፣ ከታክሲ ወደ ባጃጅ የሚቀያይር ሰው ብዙ ነው። መናኸሪያው፣ ፒያሳ፣ ሸዋ በር፣ ሰኞ ገበያ፣ ጢጣ ለነዋሪው የሚታወቁ ስሞች ናቸው፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀጥል ለእንግዳ የሚነግረው ግን የረዳቱ ጥሪ ነው።

አሁን አንድ ጠያቂ ቅጹን ይዞ ፒያሳ ታክሲ ተራ ላይ ቆመ እንበል። «አባ፣ የትራንስፖርት ካርታ ቢኖር ይፈልጋሉ?» ይላል። ተሰልፈው የሚጠብቁት አዛውንት ወዴት እንደሚሄዱ ያውቃሉ፤ ባያውቁማ እዚያ ሰልፍ ላይ አይገኙም ነበር። «ምን ያደርግልኛል ልጄ» ቢሉ እውነታቸውን ነው። ሌላው ስለ ይዞታ ካርታ የተጠየቀ ይመስለዋል። ሦስተኛው ለጠያቂው አዝኖ «አዎ፣ ጥሩ ነው» ይላል። ከእነዚህ መልሶች ተደምሮ የሚወጣው መቶኛ ምንን ይለካል? መንገዱን የሚያውቁትን ብቻ ጠይቆ መንገድ የጠፋበት የለም ማለት፣ ሠርግ ቤት ገብቶ «ያልተጠራ ማን ነው?» እንደ ማለት ነው።

ስለዚህ ፍላጎቱን የምንፈልገው አለማወቅ ዋጋ በሚያስከፍልበት ቦታ ነው። ታማሚ እናቷን ይዛ ከኩታበር የመጣች ልጅ መናኸሪያ ወርዳ ባጃጅ በኮንትራት ስትይዝ፣ የምትከፍለው ለርቀቱ ብቻ አይደለም፤ ባለማወቋም ትከፍላለች። ያንኑ መንገድ የሚያውቅ ሰው በጋራ ከሚያሳፍር ባጃጅ ወይም ታክሲ ገብቶ በታሪፉ ይሄዳል። ይህ ልዩነት በየቀኑ ከኪስ የሚወጣ የካርታ ፍላጎት ነው፤ «ካርታ» የሚል ስም ስላልተሰጠው ብቻ በቅጹ ላይ አይታይም። ከዚህም የባሰ አለ፤ መንገዱ ስለማይታየው ጉዞውን የተወ ሰው። ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ ፍለጋ ሊሄድ አስቦ «የት እንደምወርድ አላውቅም» ብሎ የቀረ ወጣት በየትኛውም ፌርማታ ላይ አይገኝም።

ሦስት ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ መንገድ የሚጠየቅ ሰው አይጠፋም የሚለው ነው። ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው፤ የወሎ ሰው መንገድ ሲጠየቅ ጣቱን ቀስሮ አይተውም፣ «አብሽሪ» ብሎ ይዞ ያደርሳል። ካርታ ይህን ይተካል የሚል ካለ አልስማማም። ሆኖም የሚጠየቅ ሰው የሚሰጠው እርሱ የሚያውቀውን አንድ መንገድ ነው። ካርታ ያሉትን መንገዶች ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ማወዳደርና መምረጥ የሚቻለውም ያን ጊዜ ነው። በዚያ ላይ መጠየቅ የሁሉም እኩል ሀብት አይደለም። መሽቶባት የገባች ሴት፣ መስማት የተሳነው ሰው፣ አማርኛ የማይናገር እንግዳ ባጃጅ ነጂውን ሲጠይቁ፣ መንገድ የሚነግራቸውና ዋጋ የሚቆርጥባቸው ያው አንድ ሰው ነው።

ሁለተኛው፣ መስመሩ ካልጸና ካርታው ይዋሻል የሚለው ነው። እዚህ ላይ ጉዳዩ ይከብዳል። ታክሲ በሰልፍ ሰዓት መንገድ ያቆራርጣል፤ ግማሽ ላይ «ወራጅ» ብሎ አውርዶ ይመለሳል። ግን ተሳፋሪው ይህን ሲቃወም ምን ይዞ ነው የሚከራከረው? በአዲስ አበባ የዞን ስምሪት ሲመጣ መነሻና መድረሻ የተጻፈበት ታፔላ ታክሲው ላይ ተለጠፈ፤ ማቆራረጡ ባይጠፋም ተሳፋሪው በጣቱ የሚያሳየው ነገር አገኘ። ታትሞ የተሰቀለ መስመር ያለውን ከማሳየት አልፎ ቃል ኪዳን ይሆናል። ስለዚህ ጥናቱ «ካርታ ትፈልጋለህ?» ሲል ሳያውቀው «መስመሩ እንዲጸናልህ ትፈልጋለህ?» እያለ ነው፤ ሁለቱን ለያይቶ ካልጠየቀ መልሱ ይቀላቀልበታል።

ሦስተኛው፣ ገበሬው አያነብም የሚለው በአጭሩ ይመለሳል። ቤተሰብ በአንድ ዓይን ያነባል፤ የተማረችው ልጅ ካየችው አባትየውም አየው።

ያላዩትን ነገር መፈለግ ከባድ መሆኑን ከውጭ ታሪክም እንማራለን። የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ሥዕል ነዳፊ የነበረው ሃሪ ቤክ በ1931 እ.ኤ.አ. ርቀትን ትቶ መስመርንና መገናኛን ብቻ የሚያሳይ ካርታ ሲያቀርብ ኃላፊዎቹ መጀመሪያ አልተቀበሉትም። በ1933 እ.ኤ.አ. ግን በኪስ የሚያዝ አድርገው አትመው አደሉት፤ ሽፋኑ ላይም የሕዝቡን አስተያየት ጠየቁ። ሰው ተሻማበት። ናይሮቢ ደግሞ ለእኛ ትቀርባለች፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስልክ ይዘው ማታቱ በሚባሉት ሚኒባሶች ላይ እየተሳፈሩ መስመሮቹን መዘገቡ፣ የማታቱ ሰዎችና ባለሥልጣናት ረቂቁን አይተው አረሙት፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ካርታው ወጣ። በሁለቱም ቦታ አስተያየት የተጠየቀው ሰው እጁ ላይ ያለውን ወረቀት እያየ ነው።

የቤክ ዓይነት ካርታ ለደሴ ይስማማል። ከተማዋ ራሷ በአንድ ዋና መንገድ ላይ የተሰካች ስለሆነች፣ ከኩታበር እስከ ኮምቦልቻ አንድ መስመር አስምሮ ቅርንጫፎቹን መቀጠል ይበቃል፤ የሐረጎ ቁልቁለት በወረቀት ላይ ሁለት ጣት ቢያክል ማንንም አያሳስትም። ረቂቁን ይዞ ሆስፒታሉ በር ላይ ወይም ተማሪዎች በሚመዘገቡበት ሳምንት መናኸሪያው ውስጥ ቆሞ፣ «ከዚህ ተነሥተው አውሮፕላን ማረፊያው እንዴት ይደርሳሉ?» ማለት ነው። ሰውየው በጣቱ ተከትሎ ከደረሰ፣ ከተሳሳተም የት ላይ እንደተሳሳተ፣ ወረቀቱን ይመልስ ወይም ያስቀረው እንደሆነ ይታያል። ቀጥሎ ባለፈው ጉዞው ምን እንደከፈለና ማንን እንደጠየቀ ይጠየቃል። ብዙው ሰው ወረቀቱን አይቶ ከመለሰ፣ ያን ጊዜ «አልተፈለገም» የሚለው ውጤት እውነተኛ ነው፤ እኔም እቀበለዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ከመጠየቁ በፊት መወሰን አለበት። ደሴና ኮምቦልቻ የየራሳቸው ከተማ አስተዳደር አላቸው፤ ኩታበር ደግሞ ሌላ ወረዳ ናት። ደሴ ብቻዋን ብታጠና ጠያቂዋ በከተማዋ ወሰን ላይ ይቆማል፤ ካርታው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው የኩታበር መንገደኛም ገና ሳይጠየቅ ከቁጥሩ ይወጣል። ስለዚህ ሦስቱ ጽሕፈት ቤቶች አንድ ቅጽ ይፈርሙ፤ የመጀመሪያው ጠያቂም ደሴ ፒያሳ ሳይሆን ኩታበር፣ ሚኒባሱ ሳይሞላ፣ ሰው ተቀምጦ በሚጠብቅበት ሰዓት ይጀምር።