ከምኑ ላይ?

«አንድ እኩል አራሽ 10 ኩንታል ስንዴ አምርቶ 50 በመቶውን ለባለመሬቱ ቢሰጥ ስንት ይቀረዋል?» ቢባል ከመካከላችን «5» የማይል የለም። ዳሩ ግን 1 ኩንታሉ ለከርሞ ዘር መነሣት አለበት እንበል። ዘሩ አስቀድሞ ተነሥቶ 9ኙ ቢካፈል ለየራሳቸው 4 ኩንታል ተኩል ይደርሳቸዋል፤ ዘሩ ከአራሹ ድርሻ ብቻ ቢነሣ ግን ባለመሬቱ 5 ይዞ ሲሄድ አራሹ በ4 ይቀራል። 50 ኪሎዋ የት ገባች? አልጀብራው አልተሳሳተም፤ ጥያቄው ዝም ያለበትን ቦታ ፈቺው በልማድ ሞልቶት ነው።

«በመቶ» ብቻውን አይቆምም፤ «ከምኑ ላይ?» የሚለውን ጎትቶ ይመጣል። 100 ብር 20 በመቶ ጨምሮ መልሶ 20 በመቶ ቢቀንስ 96 የሚሆነው፣ ሁለተኛው የሚታሰበው ከ120ው ላይ ስለሆነ ነው። ይኼ እንኳ ቀላል ነው፤ ለፈተና ይሸመደዳል።

የሚከብደው ወዲህ ነው። ውል ሲገቡ «እኩል» ብሎ ስለ ዘሩ ዝም ያለ ሰው ዋሽቷል ወይ? «ከአፉ ውሸት አልወጣም» የሚል ጠበቃ አያጣም። እኛ ግን ሌላው ዝምታውን በምን እንደሚሞላው እያወቀ ዝም ካለ ዋሽቷል እንላለን። ሁለቱም ሳያስቡት አልፈውት ከሆነስ? ያኔ ውሸታም የለም፤ 50 ኪሎው ግን ከአንዱ ጎተራ ጎድሏል። ከማን ጎተራ እንደሆነ መቼም አይጠፋችሁም!

ጭሰኝነትን የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ አስቀርቶታል፤ በእኩል ማረስ ግን ዛሬም አለ። ታዲያ ፈተና ላይ ቁጥሩን ትቶ «ዘሩን ማን ያወጣል?» ብሎ የጻፈ ልጅ ቢገኝ፣ እኛ ብናርም ዜሮ አንሰጠውም።