የሚጠብቅ ሰው ሥራ

ትዕግሥት ከበጎ ጠባያት ሁሉ ይበልጥ የተመሰገነ፣ በዚያው መጠንም ያልተመረመረ ነው። አንደኛው ወገን መጠበቅን በራሱ ምግባር አድርጎ ያየዋል። ሌላው ወገን ደግሞ ወደፊት ከመራመድ በቀር ለሰው ልጅ የሚገባ ተግባር የሌለ ይመስል፣ የቆመውን ሁሉ እንደ ተሸነፈ ይቆጥረዋል። ሁለቱም የዘነጉት ነገር ቢኖር መቆም ራሱ ምን ያህል ሥራ እንደሚጠይቅ ነው።

ማዕበል የያዘው መርከብ መልሕቁን ጥሎ ሲቆም ከዳር ሆኖ ለሚያየው ሰው ሥራ የፈታ ይመስላል። መልሕቅ ግን መርከብን የሚይዘው በክብደቱ ብቻ አይደለም፤ ጥርሱ የባሕሩን ወለል ሲነክስና ሰንሰለቱም በአግድም ሲጎትተው ነው። በመሆኑም ነፋሱ በበረታ ቁጥር መርከበኛው ሰንሰለቱን ያረዝመዋል እንጂ አያሳጥረውም። በደህናው ጊዜ የውኃውን ጥልቀት አምስት እጥፍ ያህል የለቀቀ፣ በማዕበል ጊዜ ሰባት እጥፍና ከዚያም በላይ ይለቃል። ሌሊቱን በፈረቃ እየነቃ በየብስ ላይ ያለ አንድ ምልክት፣ ኮረብታ ወይም መብራት፣ ከነበረበት አቅጣጫ አለመናወጡን ይመለከታል። ምልክቱ ፈቀቅ ካለ መልሕቁ እየተጎተተ ነው፤ ያን ጊዜ መጠበቁ ያበቃና ሌላ ውሳኔ ይመጣል። እንግዲህ ከሚሄደው መርከብ ይልቅ በቆመው መርከብ ላይ እንቅልፍ ያንሳል።

በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሕር የለም። ለዚያ አገር ሰው ቅርቡ ሰፊ ውኃ ጣና ነው። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋው ይህ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር እምብዛም ስለማያልፍ ነፋስ ቶሎ ያናውጠዋል። የደንገል ታንኳ ደግሞ ውኃ እየጠጣ የሚከብድ በመሆኑ ማዕበልን በመልሕቅ ለማሳለፍ አልተሠራም፤ ባለታንኳው ወደ ዳር ወጥቶ ታንኳውን ፀሐይ ላይ ያሰጣል። ከደባርቅ ተነሥቶ፣ ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ ለሚደርስ መንገደኛ ግን ባሕሩ ወንዙ ነው።

ወደ ተከዜ የሚገባው የዛሪማ ወንዝ በበጋ ጠጠሩን አስጥቶ የሚተኛ፣ በክረምት ግን ሌላ ፍጡር የሚሆን ወንዝ ነው። ዝናቡ የሚወርደው በደጋው ላይ ነው፤ ሙላቱ የሚደርሰው በቆላው። በቆላው ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይ ወጥታ ሳለ ውኃው ድንጋይ እያንከባለለ፣ ግንድ እየጎተተ ከተፍ ይላል። ከራሱ በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ አይቶ የሚገባ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። አገሩን የሚያውቅ መንገደኛ ዓይኑን ወደ ተራራው ይልካል፤ የውኃውን መደፍረስ፣ የጭራሮውን መብዛት ይመረምራል፤ ከጠርዙ ላይ ዱላ ተክሎ ውኃው መጨመሩን ወይም መጉደሉን ይለካል። መርከበኛው በሌሊት የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ከምፅዋ ተነሥቶ፣ ተከዜን ተሻግሮ ጎንደር የሚገባው የሲራራ ነጋዴ ያለፈው በዚሁ መንገድ ነበር። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ሊማሊሞን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ፣ በበጋው ወራት ነው። ካሣ ኃይሉና ደጃዝማች ውቤ ደረስጌ ላይ የተጋጠሙትም በየካቲት 1847 ዓ.ም. ነው። ነጋዴውም ጦሩም የሚንቀሳቀሰው ወንዝ ሲፈቅድ ነበርና። አማርኛ ለዚህ ኑሮ የሚሆን ግሥ አላነሰውም፦ ዋለ፣ አመሸ፣ አደረ፣ ሰነበተ፣ ባጀ፣ ከረመ። እያንዳንዱ ጊዜን ማሳለፍን እንደ አንድ ሙሉ ተግባር ይናገራል። «ከረመ» ያለ ሰው ዝናቡ ዘነበ ብቻ አላለም፤ ዝናቡን አሳለፈው ማለቱ ነው። ሰው ከወራት በኋላ ሲገናኝ «እንዴት ከረማችሁ» ብሎ የሚጠይቀውም፣ ክረምትን ማለፍ እንደ ዘመቻ የሚጠየቅለት ጉዳይ ስለነበረ ይመስላል።

ይሁን እንጂ ጥያቄው በዚህ አያበቃም። በወንዝ ዳር የሚጠብቁ ሰዎች ሁሉ እኩል አይጠብቁም። ስንቅ የያዘ ሰው ሦስት ቀን ቢቆይ ሦስት ቀን ዐረፈ ይባላል፤ ስንቁ ያለቀበት ግን ተራበ። አሞሌ የጫነ ነጋዴ ከሁሉ በፊት ታጋሽ ይሆናል፤ ጨው በውኃ ይሟሟልና። አሞሌ ባይሟሟ ኖሮ ጥልቀቱን እንዲለካ ወደ ውኃው የሚላከው አሽከር ስንት በሆነ ነበር! «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረትም ቢሆን ለተቀመጠ ሰው ብዙ ጊዜ መጠለያ ሆኗል። እንቁላሉ እግር ያወጣው ግን ዶሮዋ ከላዩ ስላልተነሣች ነው፤ ይህንን ተረቱን የሚጠቅሱት አያነሡትም።

የሐዋርያት ሥራ በ27ኛው ምዕራፉ የሚተርከው የመርከብ አደጋ ይህን ነገር ያጎላዋል። መርከበኞቹ በሌሊት አራት መልሕቅ ከኋላ ከጣሉ በኋላ፣ ከፊትም መልሕቅ የሚጥሉ መስለው ታንኳይቱን ወደ ባሕር አወረዱ፤ ሐሳባቸው ግን ሌላውን ትቶ መሸሽ ነበር። ወታደሮቹ ገመዱን ቆርጠው ታንኳይቱን ለቀቋት። በመርከቡ ላይ 276 ሰው ነበር። ትርፍ ታንኳ ያለው ሰው ሌላውን «ጠብቅ» ሲል ቃሉ ምክር መሆኑ ይቀራል። «እንግባ» የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ በቅሎ ላይ ተቀምጦ እግረኛውን ወደ ሙላት የሚያዝ ደፋር አይባልም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የቃሬዛው ነገር ነው። ምጥ የጠናባትን ሴት ተሸክመው ወንዝ ዳር የደረሱ ሰዎች እንደ ነጋዴው የሚጠብቁበት ጊዜ የላቸውም። ለእነርሱ መቆየትም መግባትም ሞት ሊሆን ይችላል። ይህን ምርጫ ተፈጥሮ ብቻዋን አላመጣችውም፤ ወንዙ አምናም ካቻምናም በዚያው ወር መሙላቱ ይታወቅ ነበርና፣ ድልድይና ጤና ጣቢያ ሳይሠራ የቀረበት እያንዳንዱ በጋ በምርጫው ውስጥ ድርሻ አለው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ በሊማሊሞ የወጣው የመኪና መንገድ የአውራ ጎዳናውን መንገደኛ አሻገረ፤ እርሱም ቢሆን ክረምት ሲመጣ ናዳ ያውቀዋል። ከአውራ ጎዳናው ርቀው በየሸለቆው የሚኖሩት ገበሬዎች ዘንድ ግን ቃሬዛው አሁንም ወንዝ ዳር ይደርሳል። በዚያ ሰዓት የሚመክሩት አራቱ ተሸካሚዎች ናቸው፤ ቢገቡ አራቱም ይገባሉ፣ የሚገቡትም ወደ አንድ ውኃ ነው። ከመካከላቸው አንዱ በነፃ እጁ ዱላውን ከውኃው ጠርዝ ይተክላል። ውኃው ከዱላው ስንዝር እስኪርቅ ድረስ ዓይናቸውን ከዚያ አያነሡም፤ ቃሬዛውንም ከትከሻቸው አያወርዱም።