በማይታይ ሥራ ላይ ስላለ ኃላፊነት

ሰው ሥራውን በሚገባ የሚሠራው ሲታይ ብቻ ነውን? ወይስ እውነተኛ ሥራው ማንም በማያየው ጊዜ የሚሠራው ነው? ደግሞስ የብዙ ሰዎች እጅ ከተባበረበት ሥራ ምስጋና ወይም ወቀሳ በመጣ ጊዜ የእያንዳንዱ ድርሻ ምን ያህል ነው? ይህ ጥያቄ ለፈላስፎች ብቻ የተተወ አይደለም፤ በየጽሕፈት ቤቱ ለምንፈርም፥ በየትምህርት ቤቱ ለምናስተምርና ለምንማር ሁሉ የየዕለት ጥያቄ ነው። እኛም ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት የአየር ኃይል ጦር ሠፈርን ኑሮ መርጠናል። የማይታየው ሰው ሥራ ከሚታየው ሰው ነፍስ ጋራ እንደዚያ በቅርብ የተሳሰረበትን ሌላ ቦታ ማግኘት ያስቸግራልና።

አገራችን አውሮፕላንን ያወቀችው በቅርብ ዘመን ነው። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ሲሆን፥ አስፋው ዓሊና ሚሽካ ባቢቼፍ ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች መካከል ይቈጠራሉ። ያ ጅምር በጣሊያን ወረራ ተቋረጠ። ከነጻነት በኋላ፥ በ1938 ዓ.ም. ገደማ፥ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ከአገራቸው ሰዎች ጋራ መጥተው በቢሾፍቱ አየር ኃይሉን እንደ ገና ማደራጀት ጀመሩ። ሳብ ከሚባለው የስዊድን ፋብሪካ የመጡት ሳፊርና ቢ 17 የተባሉት አውሮፕላኖች የዚያን ዘመን ወጣቶች አስተማሩ፤ በ1950ዎቹ ደግሞ ኤፍ 86 እና ኤፍ 5 የተባሉት የአሜሪካ ጄቶች መጡ። ሐረር ሜዳ የሚባለው የቢሾፍቱ ሠፈር እስከ ዛሬም የአየር ኃይላችን ማዕከል ነው።

ስለ አየር ኃይል ሲነሣ በሰው ዐይን ፊት ድቅን የሚለው አብራሪው ነው። ነገር ግን አንድ አብራሪ ከመሬት ይነሣ ዘንድ ስንት ሰው መሬት ላይ መቅረት እንዳለበት የሚያስብ ጥቂት ነው። ጎሕ ሳይቀድ ሥራ የሚጀምሩ አሉ። የአየሩን ጠባይ የሚመረምረው ሰው የነፋሱን አቅጣጫና የሙቀቱን መጠን ይመዘግባል። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1900 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው፤ በስስ አየር ደግሞ ክንፍ የማንሣት ኃይሉ፥ ሞተርም ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ፀሐይ በበረታች ቍጥር ይብሳል። አውሮፕላኑ ምን ያህል ጭኖ ስንት ሜትር ተንደርድሮ እንደሚነሣ የሚሰላው እንግዲህ በዚያ ሰው ቍጥር ነው። ነዳጅ ቀጂው ነዳጁ ውስጥ ውሃ አለመግባቱን ያጣራል። መሣሪያ አስታጣቂው፥ የሬዲዮ ሠራተኛው፥ በመቈጣጠሪያው ማማ ላይ የሚያመሸው፥ ከእሳት አደጋ መኪና አጠገብ ቆሞ የሚጠባበቀው፥ ወጥ ቤቱና ዘበኛው ሁሉም በየቦታቸው ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ ሦስቱ በተለይ ያስደንቁናል። የመጀመሪያው ጠጠር መልቀም ነው። የጄት ሞተር አየርን በብርቱ ኃይል ስለሚስብ በማኰብኰቢያው ላይ የተጣለች ጠጠር ወይም አንዲት ብሎን ወደ ውስጥ ተስባ ገብታ የሞተሩን ምላጮች ልትሰብር ትችላለች። ስለዚህ ሰዎች ጎን ለጎን ተሰልፈው፥ ዐይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፥ ጠጠር እየለቀሙ ይሄዳሉ። ሁለተኛው ፓራሹት ማጠፍ ነው። አጣፊው እያንዳንዱን ገመድ ያለ ውልና ያለ ቋጠሮ ሲያስተካክል በጨርቁ የሚወርደው ማን እንደ ሆነ አያውቅም፤ ምናልባትም ማንም አይወርድበትም። ቢወርድበት ግን ያ ሰው በአየር ላይ ሳለ ሊያርመው የሚችለው ስሕተት የለም። ሦስተኛው ፊርማ ነው። መካኒኩ አውሮፕላኑን መርምሮ ሲጨርስ በመዝገብ ላይ ይፈርማል፤ አብራሪው መዝገቡን አይቶ ይወጣል። ያ ፊርማ ቀለም ብቻ አይደለም፤ «ነፍስህን ለእኔ ዐይንና እጅ ብትሰጥ አታፍርም» የሚል ቃል ኪዳን ነው።

የሶማሊያ ጦር በ1969 ዓ.ም. ኦጋዴንን በወረረ ጊዜ የኢትዮጵያ አብራሪዎች በኤፍ 5 አውሮፕላን ከሚጎች ጋራ ተዋግተው ሰማዩን ያዙ። ስማቸው ዛሬም በክብር ይጠራል፤ ይገባቸዋልም። ከእነርሱ አንዱ ጄኔራል ለገሠ ተፈራ አውሮፕላናቸው ተመትቶ በጠላት እጅ ወድቀው 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ኖረዋል። ይሁን እንጂ ሌሊቱን በባትሪ ብርሃን ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ ያደሩትን እነማን ያስታውሷቸዋል? «የበሬን ምስጋና ወሰደው ፈረስ» የተባለው ለዚህ ነው። ሆኖም በሬው ማረሱን አልተወም፤ ባይመሰገንም እርሻው ያለ እርሱ አይሆንምና። እንግዲህ የመጀመሪያው መልሳችን ይህ ነው፤ የሥራ ክብር በመታየቱ ሳይሆን ሌላው ሰው በሥራው ላይ በሚጥለው እምነት ይለካል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ብናቆም ግማሹን እውነት ብቻ መናገራችን ነው። መካኒኩ ከድሉ ድርሻ አለው ካልን፥ ከጥፋቱስ ድርሻ የለውምን? ምስጋናውን ለሁሉ አካፍለን ወቀሳውን ለአንድ ሰው ብቻ ማሸከም ፍርድ አይሆንም።

ይህን ነገር ከታች ሆኖ ማየት ይጠቅማል። እኛ የእንፍራንዝ ሰዎች አውሮፕላንን ብዙ ጊዜ የምናውቀው ከሥሩ ሆነን ሽቅብ በማየት ነው። በአገራችን በጉዛራ ኰረብታ ላይ የአፄ ሠርፀ ድንግል ነው የሚባለው ቤተ መንግሥት አለ። ከዚያ የቆመ ሰው ሜዳውንና የጣናን ባሕር አሻግሮ ያያል፤ ዳሩ ግን በሜዳው የሚሄደው ሰው ማን እንደ ሆነ፥ ይሳቅ ወይም ያልቅስ ለመለየት አይችልም። ከፍታ አርቆ ያሳያል፤ ፊትን ግን ይሰውራል። ከኰረብታ እንኳ እንዲህ ከሆነ ከደመና ላይማ እንዴት ይሆን!

በኅዳር 1928 ዓ.ም. ደሴ በጣሊያን አውሮፕላኖች ስትደበደብ ቀይ መስቀል የተሰቀለበት ሆስፒታል እንኳ አልተማረም። በሚቀጥለው ወር በተከዜ በኩል በራስ ኢምሩ ሠራዊት ላይ የመርዝ ጋዝ ተጣለ፤ ይኸውም ጣሊያን ራሷ የፈረመችው የ1925 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነት የከለከለው ነበር። የእነዚያም አውሮፕላኖች መካኒኮች ብሎናቸውን በሚገባ አጥብቀው ነበር። ነገሩን በባዕድ ብቻ እንዳናላክክ ደግሞ ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. የሐውዜንን ገበያ የደበደቡት የገዛ አገራችን አውሮፕላኖች መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል። ዕለቱ ረቡዕ፥ የገበያ ቀን ነበር፤ እህል ሊሸጥና ጨው ሊገዛ የወጣ ብዙ ሕዝብ አለቀ። በዚያም ቀን ነዳጁ ንጹሕ፥ ሞተሩም የተመረመረ ነበር። ጥንቃቄ ብቻውን ምግባር አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

አንዳንዶች «መሣሪያው ነው ክፉው» ይላሉ። ይህ ግን አያስኬድም። ከላይ የጠቀስናቸው ካውንት ፎን ሮዘን በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለቀይ መስቀል ቁስለኛ ያመላለሱ ናቸው። በ1961 ዓ.ም. በቢያፍራ ጦርነት ትናንሽ አውሮፕላኖች አስታጥቀው የናይጄሪያን አውሮፕላን ማረፊያዎች ደበደቡ። ከ1966ቱ ድርቅ በኋላ ደግሞ መኪና ለማይደርስበት ለአገራችን ሕዝብ በዚያው ዓይነት ትንሽ አውሮፕላን የእህል ከረጢት ከአየር ይጥሉ ነበር፤ በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ የተገደሉትም በዚሁ አገልግሎት ሳሉ ነው። ቦምብም ሆነ እህል ከአንድ ክንፍ ሥር ይወርዳል፤ የሚለየው የሰው ፈቃድ ነው።

ሌሎች ደግሞ «ትእዛዝ ነው» ይላሉ። እርግጥ፥ ያለ ትእዛዝ ሠራዊት አይቆምም፤ እያንዳንዱ ወታደር በየራሱ አሳብ ቢሄድ አገር ጠባቂ አይኖራትም። ሆኖም ከ1938 እስከ 1939 ዓ.ም. በኑረምበርግ የተቀመጠው ፍርድ ቤት የበላይ ትእዛዝ ቅጣትን ሊያቀል ቢችልም ጥፋተኛን ከጥፋቱ ነጻ እንደማያወጣ ወስኗል። እኛም ኃላፊነት የሚመዘነው በሁለት ነገር ነው እንላለን፤ በማወቅና በመቻል። ያዘዘው ብዙ ያውቃል፥ ብዙም ይችላል፤ ሸክሙም የከበደ ነው። የተኰሰው ከእርሱ ቀጥሎ ነው። ጠጠር የለቀመው የት እንደሚኬድ ካልተነገረው በጥፋቱ አይጠየቅም። ባወቀ ቀን ግን ማወቁ ራሱ ሸክም ይሆንበታል፤ ከዚያ ወዲያ «እኔ ጠጠር ለቃሚ ነኝ» ማለት መልስ አይሆንለትም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ማኰብኰቢያ የሌለው መሥሪያ ቤት አለ፤ ፊርማ የሌለው ግን የለም። አንዲት ባልቴት ስለ መሬቷ ያቀረበችውን አቤቱታ ሳያነብ የሚፈርም ጸሓፊ መዝገብ ሳይገልጥ ከሚፈርም መካኒክ በምን ይሻላል? በመካኒኩ ፊርማ የወደቀው አውሮፕላን ሲጋይ ይታያል፤ በጸሓፊው ፊርማ የወደቀው ቤት ግን ጢስ ስለሌለው ማንም አያየውም። እንደዚሁም ወረቀቱ ሕጋዊ መልክ ስላለው ብቻ፥ የሚጎዳውን ሰው እያወቀ፥ ፊደሉን አሳምሮ የሚያሳልፍ ሰው አለ። የፊተኛው ጥንቃቄን አጓደለ፤ የኋለኛው ጥንቃቄውን አሟልቶ ኅሊናውን አጓደለ።

ስለዚህ ብዕራችንን ከማንሣታችን በፊት ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ። አንደኛው የመካኒኩ ጥያቄ ነው፤ «ሥራው በእውነት ተሠርቷልን?» ሁለተኛው ከክንፉ ሥር ቆሞ ሽቅብ የሚያየው ሰው ጥያቄ ነው፤ «ይህ የሚወርደው በማን ላይ ነው?» የመጀመሪያውን ትምህርት ቤትና ልምድ ያስተምሩናል። ሁለተኛውን ግን እያንዳንዳችን ለራሳችን ካልጠየቅነው ማንም አለቃ አይጠይቅልንም።