ንቅንቅ የማይለው ልጅ

እኛ ዘንድ «ጨዋ ልጅ» የሚባለው ካስቀመጡት ቦታ ንቅንቅ የማይለው ነው። እንግዳ ፊት እናሞግሰዋለን፤ መዋዕለ ሕፃናት ስናስገባውም «አደራ እንዳይረብሽ» እንላለን። ለመሆኑ የአራት ዓመት ልጅ አርፎ የሚቀመጠው ለማን ተብሎ ነው? ለእሱ ነው ለእኛ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት፤ ከዚህም 60ው ጠንከር ያለ ይሁን ይላል። ሦስት ሰዓት እኮ ነው! አዲስ አበባ ውስጥ በኪራይ ቪላ የተከፈቱትን መዋዕለ ሕፃናት ላየ ሰው ግን፣ ሦስት ሰዓቱ ቀርቶ መሮጫ ሦስት ሜትሩስ ከየት ይምጣ?

ዝላይ ደግሞ ከትምህርት የሚሰረቅ ጊዜ አይደለም። ሰኞ ማክሰኞን አስቡት። ልጅቷ መሬት ላይ ሣጥኖቿን ታሰምራለች፤ ጠጠሯን ትወረውራለች፤ በአንድ እግሯ እንጣጥ እያለች ታልፋለች። ርቀት ትገምታለች፣ ሚዛኗን ትጠብቃለች። መስመር ከረገጠች ተራዋን ለጓደኛዋ ትለቃለች፤ አለንጋ የሚያነሳባት የለም። ራስን መግዛት ከዚህ ወዲያ ምን አለ? ፈርቶ የተቀመጠውማ የገዛው ራሱን አይደለም፤ የገዛው ፍርሃት ነው።

መምህርቷን አልወቅስም። ያን ሁሉ ልጅ በአንዲት ጠባብ ክፍል ይዛ ምን ታድርግ? ደግሞም ወላጅ ማታ የሚያገላብጠው ደብተር ነው። ገጹ ባዶ ከሆነ «ምን ሲያደርግ ዋለ?» ብሎ በማግስቱ ይመጣባታል። «ሲዘል ዋለ» ብትለው ልጁን ወደ ሌላ ቤት ይወስደዋል።