ገመዱን የያዘው ማን ነው?

ነገሩ የጀመረው በአንድ ወረቀት ነው። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ለንደን የምትኖረው አክስቴ ከልጇ ትምህርት ቤት የመጣላትን ደብዳቤ ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። ልጁ አሥር ዓመቱ ነው፤ የአንደኛ ደረጃ የመጨረሻው ክፍል ተማሪ። ደብዳቤው እንደሚለው ክፍሉ በሙሉ በግንቦት ወር ለአምስት ቀን ወደ ዌልስ ተራሮች ይሄዳል። ልጆቹ እዚያው ያድራሉ። ቋጥኝ ይወጣሉ፣ ታንኳ ይቀዝፋሉ፣ በቀዝቃዛ ጅረት ውስጥ ሽቅብ ይሄዳሉ፣ ከረዥም ማማ ላይ በሽቦ ተንጠልጥለው ይንሸራተታሉ፤ አንድ ቀን ማታ ደግሞ ያለ ባትሪ ጫካ ይገባሉ። ዋጋው ከሦስት መቶ ፓውንድ በላይ ነው፤ በየወሩ እየቆራረጡ መክፈል ይቻላል። ከታች የወላጅ ፊርማ።

አክስቴ ከሥሩ የጻፈችው ሁለት መስመር ብቻ ነው። «አንተ አስተማሪነት አይደል የምትማረው? ሦስት መቶ ፓውንድ ከፍዬ ልጄን ገደል ላይ ላሰቅለው ወይ?»

ባልንጀሮቼ፣ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ስቄአለሁ። በተለይ ያሳቀኝ ከደብዳቤው ጋር የተያያዘው የዕቃ ዝርዝር ነው። «ሁለት ጥንድ አሮጌ ጫማ፤ ቢቀደድ የማያስቆጭ ልብስ» ይላል። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ትምህርት ቤት የምሄድበት ልብስ ሁሉ እዚህ ዝርዝር ውስጥ ይገባ ነበር። ጫማውንስ ተዉት።

ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም፤ አክስቴ ይህን የምትጠይቀኝ ለምን እንደሆነ ዐውቃለሁና። እኛ የመርሐ ቤቴ ሰዎች ነን። ወደ ጀማ ከሚወርዱት ወንዞች አንዷ ከመንደራችን ሥር ታልፋለች። በበጋ ሕፃን ልጅ ይሻገራታል፤ በክረምት ላይ አገር ሲዘንብ ግን ደራሽ ውሃ ይዛ ትመጣና በሬ ትወስዳለች። የአክስቴ ታናሽ ወንድም፣ እኔ ያልደረስኩበት አጎቴ፣ በዘጠኝ ዓመቱ ከብት ሊመልስ ገብቶ እዚያው ቀረ። አያቴ እስከ ዛሬ ድረስ የሐምሌ ሰማይ ሲያጉረመርም ከምድጃው ተነሥታ ደጅ ወጥታ ትቆማለች። ምን እንደምትጠብቅ ማንም አይጠይቃትም።

እንግዲህ ጥያቄው ይኸ ነው፦ ልጅን ለገዛ ጥቅሙ ሲባል ዐውቆ ማስፈራት ይገባል ወይ?

እንግሊዞች ይህን ልማድ ከየት አመጡት? ብዙው ክር የሚያደርሰን ኩርት ሃን ወደ ተባለ መምህር ነው። ሃን በ1886 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በ1920 በደቡብ ጀርመን ሳሌም የተባለውን ትምህርት ቤት ሲያቋቁም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። ሂትለርን በግልጽ በመቃወሙ በ1933 ታሰረ፤ ከተፈታ በኋላ ወደ ብሪታንያ ተሰደደ። በ1934 ስኮትላንድ ውስጥ ጎርደንስተውን የተባለውን ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1941 ደግሞ ጦርነቱ በተፋፋመበት ጊዜ ሎረንስ ሆልት ከተባለ የመርከብ ኩባንያ ባለቤት ጋር ሆኖ በዌልስ ጠረፍ፣ አበርዶቪ ላይ፣ አውትዋርድ ባውንድ የተባለውን ማሠልጠኛ አቋቋመ። መርከቡ ተመትቶ ባሕር ላይ የሚቀር ወጣት ተስፋ ሳይቆርጥ እንዲሰነብት ማዘጋጀት ከዓላማዎቹ አንዱ ነበር። ሃን ወጣቱን ወደ አንድ አመለካከት በግድ መንዳት ነውር ነው፣ ወደ ልምድ አለመግፋት ግን ቸልተኝነት ነው ብሎ ያምን ነበር። ልብ በሉ፤ የሃን ተማሪዎች ባሕሩ በእርግጥ ይጠብቃቸው ነበር። የአክስቴን ልጅ የሚጠብቀው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ለጦርነት የተሰፋው ልብስ እየጠበበ፣ እየጠበበ መጥቶ ለአሥር ዓመት ልጅ ተለካ።

ከሃን በፊትም ቢሆን አሳቡ ነበረ። አርስቶትል ሰው ደፋር የሚሆነው የድፍረት ሥራ እየሠራ ነው ይላል፤ በማንበብ አይደለም ማለቱ ነው። ሩሶ በ1762 ባሳተመው «ኤሚል» ውስጥ ልጁ ወድቆ ባይጎዳ ኖሮ ይከፋኝ ነበር እስከማለት ይደርሳል። መልካም። ነገር ግን ይኸው ሩሶ የገዛ ልጆቹን፣ አምስቱንም፣ ሲወለዱ ወደ ማሳደጊያ የላከ ሰው ነው። በመጽሐፍ ያለ ልጅ ሲወድቅ ማየት ቀላል ነው።

እኛ አገር ደግሞ ማንም ሳያስብበት ይህ ትምህርት ሞልቷል። የቆሎ ተማሪውን አስቡት። ገና በልጅነቱ ከእናቱ ቤት ተነሥቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ አገር አቋርጦ ይሄዳል። ከሰው ደጅ ቆሞ ቁራሽ ይለምናል፤ ውሻ ያባርረዋል፤ በሣር ጎጆ ያድራል። ከቤት ውጭ አዳሪ ትምህርት ይሏል ይኸ ነው! አምስት ቀን ሳይሆን ዓመታት፣ የመመለሻ አውቶቡስ የሌለው። እረኛውም እንዲሁ። ስለዚህ አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ደብዳቤ ባሳየኋቸው ጊዜ «የፈረንጅ ቅብጠት ነው፤ እኛ በነፃ የተማርነውን በገንዘብ ይገዙታል» አሉኝ። ግማሹ እውነት ነው። በሌላው ግማሽ ላይ ግን ከእነሱ ጋር ተጣልቻለሁ።

በነፃ አልተማርነውማ! እኔ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ ከብት ጠብቄአለሁ፤ ያችኑ ወንዝ ተሻግሬአለሁ። ደፋር አደረገኝ ወይ? ራሴን መርምሬ የማገኘው መልስ አያኮራኝም። እረኝነት ያስተማረኝ ፍርሃትን ማሸነፍ ሳይሆን ፍርሃትን መደበቅ ነው። ውሃው ጉልበቴን አልፎ ጭኔ ሲደርስ «ፈራሁ» የምለው ለማን ነው? ከማዶ ያሉት እኩዮቼ ይስቃሉ። ቤት ገብቼ ብናገር ጥጃው ስለ ጠፋ እገረፋለሁ። እናም ዝም ማለትን ተማርኩ። ዛሬ እዚህ ግቢ ውስጥ መምህር ያላግባብ ሲናገረኝ ዝም የምለው፣ ያልገባኝን «ገብቶኛል» የምለው፣ ከዚያችው ወንዝ ያመጣሁት ጠባይ ይመስለኛል። ወንዟን የተሻገሩ ልጆች ጠንካሮች ናቸው እንላለን። ያልተሻገረውን ማን ጠየቀው?

ለአክስቴ ልጅ የተዘጋጀው ቋጥኝ ይለያል። ሄልሜት ያጠልቃል፤ ወገቡና ጭኑ በቀበቶ ይታሠራል፤ ገመዱ ላይ በተተከለ መንጠቆ አልፎ ይወርድና ከታች በሠለጠነ ሰው እጅ ይያዛል። ቢያንሸራትተው አየር ላይ ይንጠለጠላል እንጂ አይወድቅም። «ታዲያ አደጋ ከሌለ ምኑን ድፍረት ሆነ? ቴያትር ነው» ይባል ይሆናል። እኔም ጥቂት ቀን እንዲህ እያልኩ ቆይቻለሁ። ነገር ግን ፍርሃት ገመድ አያውቅም። አሥር ክንድ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ያየ ልጅ ገመዱ እንደሚይዘው ቢነገረውም ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። አደጋው የለም፤ ፍርሃቱ ግን እውነተኛ ነው። እዚያ ላይ ሆኖ ከታች ያለውን ሰው ሊያምን ወይም ላያምን ይችላል። የእኛ እረኛ ይህ ምርጫ የለውም፤ ከታች ሰው የለማ።

ሆኖም በዚሁ ቦታ ላይ አንድ የማልወደው ነገር አለ። የማሠልጠኛዎቹ ደንብ ማንም ልጅ አይገደድም፣ የቻለው ድረስ ብቻ ይሂድ ይላል። ጥሩ ደንብ ነው። ከታች ግን ሃያና ሠላሳ የክፍል ጓደኞች ቆመው ያጨበጭባሉ። «አይዞህ! ትችላለህ!» ይላሉ። የአሥር ዓመት ልጅ ለመምህር እንቢ ይል ይሆናል፤ ለጭብጨባ ግን እንቢ ማለት ይከብዳል። እኔን ከማዶ ሆነው ይስቁብኝ ከነበሩት እረኞች የሚለየው በመልካም ልብ መደረጉ ብቻ ነው። የወረደውን ልጅ እንደ ወጣው አድርጎ የሚቀበል መምህር ከሌለ፣ ገመዱ ሥጋውን ይይዘዋል እንጂ ሌላውን አይዘውም።

ሥጋውንም ያልያዘበት ጊዜ አለ። በኅዳር 1971 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ኬርንጎርም ተራራ ላይ አምስት ተማሪዎችና አንዲት ወጣት ረዳት በበረዶ ውሽንፍር ሞተዋል። በመጋቢት 1993 ደግሞ በደቡብ እንግሊዝ ላይም ቤይ ከሚባለው ባሕር ላይ ታንኳ ሲቀዝፉ የነበሩ ተማሪዎችን ነፋስ ወደ ጥልቁ ገፋቸው፤ አራቱ ሞቱ። ከአደጋው ወራት በፊት ሁለት የቀድሞ አሠልጣኞች ጥንቃቄው እንደማይበቃ ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ በደብዳቤ አስጠንቅቀው ነበር። በ1994 ድርጅቱ ራሱ በሰው መግደል ወንጀል ተፈረደበት፤ ሥራ አስኪያጁም ታሰረ። በ1995 ፓርላማው ሕግ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለውን ሥራ በክፍያ ለልጆች የሚያቀርብ ድርጅት ያለ ፈቃድና ያለ ምርመራ እንዳይሠራ ተደረገ። በ2002 አንድ የአሥር ዓመት ልጅ በሰሜን እንግሊዝ በቀዝቃዛ የተራራ ውሃ ሲሞት የመራው መምህር አንድ ዓመት ተፈረደበት። ከዚህ በኋላ በ2004 አንድ ትልቅ የመምህራን ማኅበር አባሎቹ እንዲህ ያለውን ጉዞ እንዳይመሩ መከረ። መምህራኑን አልወቅስም፤ ገመድ የያዘ እጅ ይደክማል።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ለአክስቴ «አይሂድ» ልላት ተቃርቤ ነበር። ያገደኝ ግን ያው የሞቱ ታሪክ ነው። አራት ልጆች ሞቱ፤ አንድ አገር «ማን ነበር የያዛቸው?» ብሎ ጠየቀ፤ መልስ አገኘ፤ ሕግ ጻፈ። አጎቴ ሲሞት ማን ጠየቀ? «ዕድሉ ነው» ተባለ፤ ተለቀሰ፤ በነጋታው ሌላ ልጅ ከብቶቹን ይዞ በዚያው መሻገሪያ ገባ። የመንደሩ ሰው ድልድይ እንዲሠራለት ብዙ ጊዜ አመልክቷል፤ ድልድዩ እስካሁን የለም። ሁለቱም አገር ልጅ በውሃ ሞቷል። ልዩነቱ አንዱ ሞት ጠያቂ ያለው መሆኑ ነው። ልጅን ማስፈራት ይገባል ወይ ለሚለው የእኔ መልስ ከዚህ ይነሣል፦ የሚያስፈራው ሰው በስሙ የሚጠየቅ ከሆነ፣ ልጁም «አውርዱኝ» ሲል ሳይስቁ የሚያወርዱት ከሆነ፣ ይገባል። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ግን በለንደንም በመርሐ ቤቴም ግፍ ነው፤ ጥንካሬ ብሎ ስም ማውጣቱ አያድነውም።

የገንዘቡ ነገር ለብቻው ያናድዳል። የእንግሊዝ ሕግ በትምህርት ሰዓት ለሚሰጥ ትምህርት ማስከፈልን ይከለክላል፤ ለማደሪያና ለምግብ ግን ማስከፈል ይቻላል፤ የመንግሥት ድጎማ ከሚያገኙት የተወሰኑ ቤተሰቦች በቀር። በመካከል ያለው፣ ድጎማም የማያገኝ ትርፍም የሌለው፣ እንደ አክስቴ ሌሊት ሌሊት የሚሠራው፣ ይቸገራል። ልጁም ይህን ቀድሞ ያውቅና «እኔ እንኳ መሄድ አልፈልግም» ይላል። በዌልስ ይህ ጉዞ ለማንኛውም ልጅ በነፃ እንዲሰጥ የሚጠይቅ ረቂቅ ሕግ ቀርቦ በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. በጠባብ የድምፅ ልዩነት ወድቋል።

ለአክስቴ ስልክ ደወልኩ። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ላስረዳት አልቻልኩም፤ ብሞክርም መሐል ላይ ዝም አልኩ። «እትዬ፣ ትምህርት ቤት ሂጂና ገመዱን የሚይዘው ማን እንደሆነ ጠይቂ። ልውረድ ቢል ምን እንደሚያደርጉትም ጠይቂ» አልኳት። ሄደች። በወላጆች ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ፣ በዚያ በምታፍርበት እንግሊዝኛዋ፣ ሁለቱንም ጠየቀች። የመለሱላትን በሙሉ አልነገረችኝም፤ «የጠየቀ ሌላ ሰው የለም፤ ከእኔ በኋላ ግን ሁሉም ጠየቀ» ብቻ አለች። ፈረመች።

አሮጌ ጫማው አስቸገረ። ልጁ ጫማ የሚለውጠው ስለሚጠበው ነው፤ አሮጌው እግሩ አይገባም። አክስቴ አሮጌ ጫማ ልትገዛ ገበያ ወጣች። ይህን በስልክ ስትነግረኝ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ሳቅን።

በግንቦት ሄዶ ተመለሰ። እሑድ ዕለት አነጋገርኩት። ቋጥኙን ግማሽ ድረስ ወጥቶ «አውርዱኝ» አለ፤ አወረዱት። ይህን የነገረኝ ስለ ምሳው ሲያወራ በመሐል ጣል አድርጎ ነው። ረዥሙ ወሬው ስለ ሌላ ነገር ነበር። እዚያ ልጆቹ በተራ ከአሠልጣኙ ኋላ ተሰልፈው የገመዱን ጫፍ ይይዛሉ። እሱም ይዞ ነበር፤ የወጣችው ልጅ ደግሞ ከክፍሉ ሁሉ ረዥሟ ናት። ጓንት አድርጎ እንደሆነ፣ እጁን ያሳመመው እንደሆነ ጠየቅሁት። አላሳመመኝም አለ፤ ቀጥሎም በዚያ በተሰባበረ አማርኛው «እሷ እኔን አላየችኝም፤ እኔ ግን አየኋት» አለኝ። አያቴ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ፤ ደገምኩላት።