የደረቀ ሳንቃ

ርቆ ቆይቶ የተመለሰ ሰው በመጀመሪያው ቀን ድካሙ ሊፈረድበት ይገባልን?

በባልቲክ ባሕር ዳር ያሉ መርከበኞች ባለ ሸራ የእንጨት ጀልባቸውን በጥቅምት ከውኃ አውጥተው፥ ለዓመቱ የመጀመሪያ ጉዞ በሚያዝያ ይመልሱታል። በየብስ በቆየበት 6 ወር ያህል ጊዜ ሳንቃው ደርቆ ስለሚኰማተር መጋጠሚያው ይከፈታል፤ ስለዚህ ጀልባው ባሕር በነካበት ቀን ውኃ ያስገባል። ነገሩን የማያውቅ ሰው ተበላሽቷል ብሎ ይፈርድበታል። ዐዋቂው ግን ከወደቡ አስሮ፥ የገባውን ውኃ እየቀዳ እያፈሰሰ፥ አንድ ሌሊት፥ አንዳንድ ጊዜም 2 ወይም 3 ቀን ይጠብቀዋል። ሳንቃው ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ስንጥቁ ይገጥማል፤ ያን ጊዜ ሸራው ይዘረጋል። ሳይታገሥ፥ እንጨቱ ገና ደረቅ ሳለ ስንጥቁን በጠንካራ ነገር የጠቀጠቀ ሰው ግን፥ ሳንቃው ሲያብጥ መስፋፊያ ስለሚያጣ፥ ሊያድነው የወደደውን ጀልባ ይጎዳዋል።

የሰውም ነገር እንዲሁ ነው። ነገር ግን ትዕግሥት ቸልተኝነት አይደለም፤ የበሰበሰ ሳንቃ ውኃ ውስጥ ቢቈይ አይድንምና ሊለወጥ ይገባዋል። የደረቀውን ከበሰበሰው መለየት የአስተዋይ ሥራ ነው።

ማርቆስ በመጀመሪያው ጉዞ ጳውሎስንና በርናባስን በጵንፍልያ ትቷቸው ተመልሶ ነበር። በሁለተኛው ጳውሎስ አልወስደውም ሲል፥ በርናባስ ይዞት በመርከብ ወደ ቆጵሮስ ሄደ (ሐዋ. 15፥37-39)። በኋላም ጳውሎስ ራሱ ለአገልግሎት እንደሚጠቅም መስክሮ አስጠራው (2 ጢሞ. 4፥11)።

እንግዲህ ወንድማችን በተመለሰ ጊዜ ለፍርድ አንቸኩል፤ ከወደቡ አጠገብ አብረነው እንደር፥ ውኃውንም እንቅዳለት።